ኮምፒውተሯ ኪስ ውስጥ፣ ስክሪኑ ዓይን አጠገብ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ከክብሪት ቀፎ ብዙም የማትበልጠውን ኮምፒውተር፣ ራስቤሪ ፓይ ዜሮን፣ አስተዋውቀን ነበር። ከዚያ ወዲህ ከጎጃም የደረሱን ደብዳቤዎች አንድ ሐሳብ ላይ ተገጣጠሙ፤ ጽሑፍ ዓይን ፊት የሚያመጣ ስማርት መነጽር በእጅ መሥራት ይቻላል ወይ? ይቻላል። ጉግል በ2013 ለሙከራ በ1,500 ዶላር የሸጠውን ያህል አያሳይም፣ መልኩም አያምርም፤ ግን ይሠራል። ደብዳቤዎቹን አሳጥረን ከነመልሳቸው አቅርበናል።

«ራስቤሪ ፓይ ዜሮ 2 ደብልዩ አንድ ዘመዴ ከውጭ ሊያመጣልኝ ነው። ከእርሷ ጋር ምን ምን ላስመጣ? ሥራውንስ ከየት ልጀምር?»
የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ከደብረ ማርቆስ

ከሌንሱ ይጀምሩ። በዚህ ሥራ ኮምፒውተሯ ቀላሏ ክፍል ናት። ሰው የሚሰናከለው በሌላ ነው፤ ወይ ስክሪኑ ይበራል ዓይን ግን አያነበውም፣ ወይ ይነበባል አፍንጫ ግን አይሸከመውም። ሁለቱንም ችግሮች ዕቃው ከመድረሱ በፊት በካርቶን መፍታት ይቻላል።

የወጣት ዓይን እንኳ ከ10 ሳንቲ ሜትር ይበልጥ የቀረበን ነገር አጥርቶ ለማየት ይቸገራል። ስክሪኑን ዓይን አጠገብ ቢለጥፉት ብርሃን እንጂ ፊደል አያዩም። ስለዚህ ምስሉን ገፍቶ የሚያርቅ አጉሊ ሌንስ ያስፈልጋል፤ የትኩረት ርቀቱ 10 ሳንቲ ሜትር አካባቢ፣ የጎኑ ስፋት 25 ሚሊ ሜትር ያህል የሆነ። መነጽር ቤት ሲጠይቁ ፕላስ 10 ይበሉ። ከአሮጌ አጉሊ መነጽርም ይገኛል። ቁጥሩ ካልታወቀ ከመስኮቱ ራቅ ብለው ይቁሙና ውጭ ያለውን ዛፍ በሌንሱ አሳልፈው ነጭ ወረቀት ላይ ያሳርፉት። ዛፉ ተገልብጦ ጥርት ሲል ከሌንሱ እስከ ወረቀቱ ያለው ርቀት የትኩረት ርቀቱ ነው። በፀሐይ አይለኩ፤ ወረቀት ያቃጥላል፣ ዓይን ያጠፋል።

የ10 ሳንቲ ሜትር ሌንስ ካገኙ ስክሪኑ ከሌንሱ 9 ሳንቲ ሜትር ሲርቅ ምስሉ 90 ሳንቲ ሜትር ላይ ያለና 10 እጥፍ የገዘፈ ሆኖ ይታያል። ግማሽ ሳንቲ ሜትር ብቻ ወደኋላ ቢስቡት ምስሉ ወደ 1 ሜትር ከ90 ይሸሻል። 10 ሳንቲ ሜትር ካለፈ ይደበዝዛል። ስክሪኑን በማስቲሽ ደፍኖ ማጣበቅ ትልቁ ስሕተት የሚሆነው ለዚህ ነው፤ ወደፊትና ወደኋላ 1 ሳንቲ ሜትር የሚንሸራተትበት ቦይ ይተዉለት።

አቀማመጡ እንዲህ ነው። ስክሪኑ የመነጽሩ ክንድ ላይ፣ ጆሮ አካባቢ ሆኖ ወደፊት ይመለከታል። ከእርሱ 7 ሳንቲ ሜትር ቀድሞ፣ ማጠፊያው ጋ፣ 25 በ35 ሚሊ ሜትር የሆነ ቁራጭ መስተዋት በ45 ዲግሪ ቆሞ ብርሃኑን ወደ አፍንጫ በኩል ያጥፈዋል፤ የፓውደር ዕቃ መስተዋት ይበቃል። ከመስተዋቱ 2 ሳንቲ ሜትር ወዲያ ሌንሱ ይቆማል። ሰባትና ሁለት ዘጠኝ፤ የፈለግነው ርቀት ይኸው ነው። ከሌንሱ ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል አልፎ፣ ዓይን ፊት ለፊት፣ 20 በ25 ሚሊ ሜትር የሆነ ጥርት ያለ ፕላስቲክ እንደገና በ45 ዲግሪ ያጋድላል። የሲዲ ማኅደር ክዳን ለዚህ ጥሩ ነው፤ ጠፍጣፋ ነው፣ በመቀስ ሳይሆን በምላጭ ደጋግመው ጭረው ሲሰብሩት ቀጥ ብሎ ይቆረጣል። የተጣመመ ፕላስቲክ ፊደሉንም ያጣምመዋል።

ይህን ሁሉ ዛሬ መሞከር ይችላሉ። ጥቁር ወረቀት ላይ 22 በ11 ሚሊ ሜትር መስኮት ቀድደው ስልክዎ ላይ ይለጥፉ፤ ትንሹ ስክሪን የሚኖረው ስፋት ይህ ነው። በመስኮቱ ውስጥ ሁለት ሦስት ቃል እንዲታይ አድርገው፣ ሌንሱንና መስተዋቱን ባቆሙበት የካርቶን ቱቦ ይመልከቱት። በስልኩ ካልተነበበ በትንሹ ስክሪንም አይነበብም።

የሚያስመጡት ዕቃ ጥቂት ነው። ባለ 0.96 ኢንች ነጭ ኦሌድ (ነጥቦቹ ራሳቸው የሚበሩ) ስክሪን፣ 128 በ64 ነጥብ፣ አራት ፒን (የሽቦ ማገናኛ እግር) ያለው፤ ሁለት ቢሆን ይሻላል፣ አንዱ መቃጠሉ አይቀርም። የታመነ ሥሪት ባለ 16 ወይም 32 ጊጋ ሚሞሪ ካርድ። አንድ ትንሽ መጫኛ ቁልፍ። ከኮምፒውተሯ ሁለት ዓይነት ካለ ፒኖቿ የተበየዱላትን ይምረጡ፤ አርባ ቀዳዳ መበየድ ለጀማሪ ከባድ ነው። በጥቅምት 2021 ስትወጣ የተተመነላት 15 ዶላር ነበር። ዕቃው ገና ካልተገዛ ደግሞ ይህንንም ያስቡ፤ ጽሑፍ ለማሳየት ብቻ የ2017ቷ ዜሮ ደብልዩ ትበቃለች፣ ኤሌክትሪክም ከግማሽ በታች ነው የምትወስደው። አዲሷ የምታስፈልገው ካሜራ ሲጨመር ነው።

ኮምፒውተሯን ራስ ላይ አይስቀሏት። ኪስ ውስጥ ትሁን፤ ወደ መነጽሩ የሚወጣው አራት ሽቦ ብቻ ነው። የቀሩት መልሶች በሙሉ በዚህ ላይ የቆሙ ናቸው።

«ሁለት ስክሪን ሞክሬ አንዱ ጭራሽ አይበራም። ሌላው ደግሞ የቴሌቪዥን በረዶ የመሰለ ነጠብጣብ ብቻ ያሳያል። ብየዳውን ደጋግሜ አየሁ፣ ንጹሕ ነው።»
ሞባይል ጠጋኝ፣ ከቡሬ

ብየዳውን እናምንዎታለን፤ ጥርጣሬያችን ሌላ ቦታ ነው። መጀመሪያ የስክሪኑን ጀርባ ያንብቡ። አንዳንዱ ግራውንድን (የኤሌክትሪኩን መመለሻ) አስቀድሞ ቪሲሲን (የኤሌክትሪኩን መግቢያ) ያስከትላል፣ ሌላው ተገልብጦ ቪሲሲ ይቀድማል። ሁለቱ በመልክ መንታ ናቸው፤ ከሥዕል አይቶ ያገናኘ ሰው ስክሪኑን በአንድ ሰኮንድ ያቃጥለዋል። ትክክለኛው ቪሲሲ ወደ ፒን 1፣ ኤስዲኤ (የመረጃው ሽቦ) ወደ ፒን 3፣ ኤስሲኤል (የፍጥነት ምት ሰጪው ሽቦ) ወደ ፒን 5፣ ግራውንድ ወደ ፒን 6 ነው። ፒን 1 የ3.3 ቮልት ነው፤ ፊት ለፊቱ ያለው ፒን 2 ግን 5 ቮልት ስለሆነ በእርሱ አይሳሳቱ።

ሽቦው ልክ ከሆነ ወደ ኮምፒውተሯ ይሂዱ። ራስፒ ኮንፊግ በሚባለው ማስተካከያ የኢንተርፌስ ዝርዝር ውስጥ አይቱሲ፣ ማለትም ኮምፒውተሯ በእነዚያ ሁለት ሽቦዎች ስክሪኑን የምታናግርበት መንገድ፣ ከፋብሪካው ዝግ ነው፤ ይክፈቱና እንደገና ያስነሷት። ከዚያ አይቱሲ ዲቴክት የተባለውን ትእዛዝ በቁጥር 1 መስመር ላይ ያስኪዱ። ሰንጠረዡ ውስጥ 3ሲ ከታየ ስክሪኑ አለ ማለት ነው። ባዶ ከሆነ ኤስዲኤና ኤስሲኤል ተቀያይረዋል፣ ወይም ስክሪኑ ሞቷል።

በረዶ የሚያሳየው ግን አልሞተም። 1.3 ኢንች አይደለም? ባለ 1.3ዎቹ አብዛኞቹ ውስጣቸው ኤስኤች1106 የተባለ ቺፕ ነው ያለው፤ ፕሮግራሙ ደግሞ የ0.96ቱን ኤስኤስዲ1306 እያናገረ ነው። ሁለቱም በ3ሲ ስለሚመልሱ ኮምፒውተሯ ልዩነቱን አታውቅም። ሉማ ኦሌድ በተባለው የፓይተን ላይብረሪ (ዝግጁ የትእዛዝ ስብስብ) የመሣሪያውን ስም ወደ ኤስኤች1106 ይለውጡት፤ በረዶው ይጠፋል። የተሳሳተ ላይብረሪ ሆኖ ምስሉ ሁለት ነጥብ ያህል ወደ ጎን ከተንሸራተተም ምክንያቱ ይኸው ነው፤ ኤስኤች1106 በውስጡ የ132 ነጥብ ወርድ ይዞ 128ቱን ብቻ ነው የሚያሳየው።

ላይብረሪውን ሲጭኑ የፓይተኑ ጫኚ ፒፕ «አካባቢው በውጭ የሚተዳደር ነው» ብሎ እምቢ ካለዎት ማስገደድ አያስፈልግም። ቡክዎርም ከተባለው የ2023ቱ የኮምፒውተሯ ስርዓት እትም ጀምሮ ያለ ጠባይ ነው፤ የፓይተን ቨርቹዋል ኢንቫይሮመንት (ለብቻው የተከለለ ማኅደር) ከፍተው በዚያ ውስጥ ይጫኑት።

ከኪስ እስከ መነጽር የሚሄደው ሽቦ ሌላ ጉዳይ ነው። አይቱሲ የተሠራው በአንድ ሰሌዳ ላይ ለተቀራረቡ ቺፖች ስለሆነ ረጅም ሽቦ አይወድም። እስከ 1 ሜትር ድረስ አሮጌ የዩኤስቢ ኬብል ያገለግላል፣ አራት ሽቦው በቂ ነው። ፊደሉ እየተበላሸ ከመጣ ሁለት ነገር ያድርጉ። አንደኛ፣ በኮንፊግ ፋይሉ የአይቱሲውን ፍጥነት ከ100,000 ወደ 50,000 ዝቅ ያድርጉ። ሙሉ ስክሪን 1,024 ባይት ነው፤ በ100,000 ፍጥነት ለመሳል የሰኮንድ አንድ ዐሥረኛ ገደማ ይፈጃል፣ በ50,000 እጥፉን። ለጽሑፍ ምንም አይጎዳም። ሁለተኛ፣ ኬብሉን በኔትወርክ ኬብል ይለውጡና ኤስዲኤን ከግራውንድ ጋር፣ ኤስሲኤልን ከቪሲሲ ጋር ያጣምሩ። ኤስዲኤና ኤስሲኤል እርስ በርስ ከተጠማዘዙ አንዱ በሌላው ውስጥ ይጮኻል፤ በዩኤስቢ ኬብል ውስጥ ነጭና አረንጓዴው የተጠማዘዙ መሆናቸውን ልብ ይበሉ። የጆሮ ማዳመጫ ሽቦ ለመጠቀም ያሰበ ካለ ይተወው፤ ክር የተቀላቀለበትና ቀለም የተቀባ ስለሆነ ሶልደር አይዝም።

«ስክሪኑ እንግሊዝኛ ያሳያል፣ አማርኛ ስጽፍ ግን ባዶ ሳጥን ይደረድራል። ክፍል ውስጥ ሳስተምር ማስታወሻዬን እንዲያሳየኝ ነበር ምኞቴ።»
መምህርት፣ ከሞጣ

ምኞትዎ ለዚህ መሣሪያ የሚስማማው ሥራ ነው፤ ጥቂት ቃል፣ ቀስ ብሎ የሚለዋወጥ፣ ሥዕል የማይፈልግ።

ሳጥኑ የሚመጣው ከላይብረሪው ጋር የሚመጣው ፊደል ላቲን ብቻ ስለሆነ ነው። ግእዝ በዩኒኮድ፣ በዓለም አቀፉ የፊደላት ቁጥር መዝገብ፣ ውስጥ ከ1999 ጀምሮ አለ፤ ኮምፒውተሯ ታውቀዋለች፣ የጎደለው የፊደሉ ቅርጽ ነው። አቢሲኒካ ኤስአይኤል የተባለው ፎንት ከራሱ ከስርዓቱ የጥቅል ማከማቻ በነፃ ይጫናል፤ ፒሎ በተባለው የሥዕል ላይብረሪ ከፋይሉ ያስነሡታል። ግን አቢሲኒካ ለወረቀት የተሳለ ፊደል ነው። በ64 ነጥብ ቁመት ላይ ሲጨመቅ ቀጫጭን ቅጥያዎቹ ይጠፋሉ፤ ሉና ሊ፣ ሹና ሺ መለየት ያስቸግራል። እኛ የምንመርጠው ዩኒፎንት የተባለውን ነው። አያምርም፣ ነገር ግን ከመጀመሪያውም በነጥብ የተሳለ፣ ቁመቱ 16 ነጥብ የሆነ ፊደል ስለሆነ በዚያው በ16 መጠን ሲያስነሡት እያንዳንዱ ነጥብ በቦታው ያርፋል። 17 ወይም 15 ካሉት ይበላሻል። የአማርኛ ፊደል 16 ነጥብ ያህል ወርድ ስለሚይዝ በአንድ መስመር 8፣ በአራቱ መስመር 32 ፊደል ይገባል።

ሠላሳ ሁለት ፊደል ትንሽ ነው። ስለዚህ ሙሉ ዐረፍተ ነገር አያስገቡ፤ የትምህርቱን መንገድ የሚያስታውስ ቃል ብቻ ይጻፉ። መስመር የሚቆርጠውን ትእዛዝ ራስዎ ይጻፉት፤ በቃላት መካከል ያለውን ባዶ ቦታ ፈልጎ ከ8 ፊደል በላይ ከሆነ ወደ ታች የሚያወርድ። ካልሆነ ከመስመሩ ሦስተኛ ቦታ የጀመረ «አስተማሪዎች» የሚለው ቃል «ች»ን ብቻዋን ታች ይጥላታል። (አስተማሪዎች ሰባት ፊደል ነው የሚሉ ካሉ ልክ ናቸው፤ ከፊቱ «የ» ሲጨመር ስምንት፣ መጨረሻው ላይ «ን» ሲመጣ ዘጠኝ ይሆናል። አማርኛ ቃል ከፊትም ከኋላም ያድጋል፤ ፕሮግራሙም ይህን መቻል አለበት።)

ገጽ ለመለወጥ ቁልፉን በፒን 11 እና በፒን 9 መካከል ያገናኙት፤ ፒን 9 ግራውንድ ነው። በፕሮግራሙ የውስጥ ፑልአፕ (ቁልፉ ሳይጫን ፒኑን በ3.3 ቮልት የሚያቆየውን) ካልከፈቱ ገጹ ማንም ሳይነካው ይዘላል። ጽሑፉን ከስልክ ለመላክ ከፈለጉ ኮምፒውተሯ ላይ ትንሽ ድረ ገጽ አስነሥተው በስልኩ ሆትስፖት ያገናኟቸው። ሆትስፖቱ በ5 ጊጋ ኸርዝ ከሆነ ዜሮ በፍጹም አታየውም፤ 2.4ን ይምረጡ። «ዋይፋዩ ተበላሽቶብኛል» ብለው ከሚጽፉልን ብዙዎቹ ችግራቸው ይኸው ሆኖ ይገኛል።

አንድ የቅኔ ተማሪም ከዚያው ከሞጣ መንገድ ተመሳሳይ ጥያቄ ልከውልናል። መሣሪያው ለእርስዎም ይሠራል፤ የኔታ ፊት አድርገውት እንዳይገቡ እንጂ።

«ክፈፉን ከምን ልሥራው? ፕላስቲክ የሚያትም ማሽን እዚህ የለም።»
አናጢ፣ ከእንጅባራ

ቀርከሃ አገርዎ ላይ እያለ ማሽን አይመኙ። በደንብ የደረቀ ቀርከሃ ቀላልና ጠንካራ ነው። እርጥቡን ከሠሩበት ግን በሁለት ሳምንት ይጣመምና የመስተዋቱን 45 ዲግሪ ያበላሸዋል። ለክንዶቹ 14 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ 8 ሚሊ ሜትር ወርድ፣ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ፍላጭ ይበቃል። የሚያብለጨልጨውን የውጭ ቆዳ አይላጡት፣ ጥንካሬው እርሱ ነው፤ የሚላገው የውስጡ ለስላሳ ክፍል ነው። በምስማር አይምቱት፣ ይሰነጠቃል። በቀጭን መሰርሰሪያ በስተው በትንሽ ቪቴ ይሰሩት። የጆሮውን ማጠፊያ በእሳት አሙቀው ቀስ እያሉ ያጉብጡ።

የስክሪኑና የመስተዋቱ ሳጥን ከካርቶን ወይም ከስስ እንጨት ይሁን፤ ውስጡ ግን የማያብረቀርቅ ጥቁር መቀባት አለበት። ነጭ ከተተወ ብርሃኑ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ ምስሉን እንደ ጭጋግ ይሸፍነዋል። ጥላሸት በማስቲሽ ለውሶ መቀባት ከሚያብረቀርቅ የዘይት ቀለም ይሻላል።

ክብደቱን በኩሽና ሚዛን ይመዝኑ። ተራ መነጽር 25 እስከ 30 ግራም ነው። የእርስዎ 60 ግራም እስከሆነ ድረስ ሰው ሰዓት ተኩል ያህል ይታገሠዋል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ አፍንጫ ላይ ምልክት ይተዋል። ዕቃው ሁሉ በአንድ በኩል ስለሆነ መነጽሩ ይጋደላል። በሌላኛው ክንድ ጫፍ፣ ከጆሮ ኋላ፣ ከ10 እስከ 15 ግራም ማመጣጠኛ ይሰሩለት፤ ከኋላ ደግሞ ክንዶቹን በላስቲክ ያያይዙ።

«ትንሽ ሊቲየም ባትሪ፣ ቲፒ4056 ቻርጀርና ኤምቲ3608 ቮልቴጅ ማሳደጊያ ገጣጠምኩ። እንዳገናኘሁት ኮምፒውተሯ ሸተተችና ሞተች።»
ከባሕር ዳር

ገዳይዋ ማሳደጊያዋ ናት። ኤምቲ3608 እስከ 28 ቮልት ማውጣት ትችላለች፣ ከፋብሪካ ስትመጣም ቪቴዋ የት ላይ እንደቆመ አይታወቅም። ኮምፒውተሯ የምትፈልገው 5 ቮልት ነው። ምንም ሳይገናኝ ባትሪውን ብቻ ሰጥተው፣ ቴስተር መውጫው ላይ አድርገው፣ ትንሿን የነሐስ ቪቴ ወደ ግራ ያዙሩ። መጀመሪያ ብዙ ዙር ቢያዞሩም ቁጥሩ ላይንቀሳቀስ ይችላል፤ «ተበላሽታለች» ብለው አይተዉ፣ ይቀጥሉ። 5.1 ላይ ሲደርስ ቪቴዋን በጠብታ ሙጫ ያትሟት።

ቻርጀሩም ይታይ። ቲፒ4056 ላይ ያለው 1.2 ኪሎ ኦም ሬዚስተር 1 አምፔር ያስገባል፤ 500 ሚሊ አምፔር ሰዓት ለሆነ ባትሪ ይህ እጥፍ ነው፣ ያሳብጠዋል። በ5 ኪሎ ኦም ይተኩት፣ ወደ 250 ሚሊ አምፔር ይወርዳል።

ይህን ሁሉ ከነገርንዎ በኋላ ግን ምክራችን ይህን መንገድ ይተዉት ነው። ሒሳቡን ይዩት። 1,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ያለው ትንሽ ባትሪ 3.7 ዋት ሰዓት ነው፤ በማሳደጊያ የሚባክነው ሲቀነስ 3.1 ያህል ይቀራል። ዜሮ 2 ደብልዩ በ5 ቮልት 350 ሚሊ አምፔር ገደማ ትወስዳለች፣ ማለትም 1.75 ዋት፤ ሁለት ሰዓት አይሞላም። ተራ የ10,000 ፓወር ባንክ በዚሁ ስሌት 17 እና 18 ሰዓት ያቆያታል፣ የመከላከያ ሰርኪዩቱም አብሮት ነው። መብራት ጠፍቶ በሚያድርበት ቀን ልዩነቱ ይገባዎታል። ደግሞም ያበጠ ባትሪ ኪስ ውስጥ ሲሆን አውጥተው ይጥሉታል፤ ጆሮ ላይ ታስሮ ሲሆን ግን ሌላ ነገር ነው።

የፓወር ባንኩን ገመድ ድንገት መንቀል ሚሞሪ ካርዱን ሊያበላሽ ይችላል። ሁሉም ነገር ሠርቶ ካበቃ በኋላ በራስፒ ኮንፊግ ኦቨርሌይ ፋይል ሲስተምን ይክፈቱ፤ ከዚያ ወዲህ ካርዱ ላይ ምንም አይጻፍም፣ ገመዱንም እንደፈለጉ ይነቅላሉ። አዲስ ነገር መጫን ሲፈልጉ መዝጋት እንዳይረሱ፤ የጫኑት ሁሉ ሲያጠፏት አብሮ ይጠፋል።

«የባጃጅ ሹፌር ነኝ። ካርታ እያሳየኝ ብነዳስ?»
ከፍኖተ ሰላም

አይሆንም። ዓይን 90 ሳንቲ ሜትር ላይ ያለውን ጽሑፍ ሲያነብ መንገዱን በዚያው ቅጽበት አጥርቶ አያይም፤ የክንዱ ሳጥንም በቀኝ በኩል የሚመጣውን ይጋርዳል። አቅጣጫውን ስልክዎ በድምፅ ይንገርዎት።

«መነጽሬ ማይነስ 2 ነው። በላዩ ላይ ልደርብ?»
ከዳንግላ

መደረብ አያስፈልግም። ማይነስ 2 ያለው ዓይን እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ድረስ ያለ መነጽር ያያል። ስክሪኑን ከ9 ወደ 8.3 ሳንቲ ሜትር ያስጠጉት፤ ምስሉ 49 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ይወድቃል፣ ይነበባል። ዙሪያዎ ግን እንደ ልማዱ ይደበዝዛል፤ እየሄዱ ለመጠቀም ከሆነ መነጽርዎን ያድርጉና ስክሪኑን በ9 ይተዉት።

«በፈተና ቀን ቢደረግ ይታወቃል?»
የ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ ቦታውን አልጻፈም

ጆሮህ ላይ 60 ግራም የቀርከሃ ሳጥን፣ ከአንገትህ ወደ ኪስህ የሚወርድ ገመድ። ባይታወቅ ነው የሚገርመው። ለዚያ የሚሆን መልስ ከእኛ አይጠበቅ።

«ታላቅ ወንድሜ ዓይነ ስውር ነው። ጽሑፍ የሚያነብለትና መንገድ ላይ የሚያስጠነቅቀው መነጽር ሊሠራለት ይችላል?»
ከደጀን

ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ቀላልም ጠቃሚም ነው።

ለመንገድ ኤችሲ-ኤስአር04 የተባለው የድምፅ ሞገድ መለኪያ ይበቃል። ከ2 ሳንቲ ሜትር እስከ 4 ሜትር ይለካል፣ የሚያየውም 15 ዲግሪ ያህል ጠባብ ቦታ ነው። ግንባር ላይ ሲሆን ዱላ የማይደርስበትን ይይዛል፤ ፊት የሚመታ ቅርንጫፍ፣ የተከፈተ መስኮት፣ የጭነት መኪና ጠርዝ። ጉድጓድና ደረጃ አያይም። ወፍራም ጋቢ የለበሰ ሰውንም አንዳንዴ ያልፈዋል፤ ለስላሳ ጨርቅ ድምፁን ስለሚውጠው። ስለዚህ ዱላው ከእጅ አይለይ።

መለኪያው በ5 ቮልት ስለሚሠራ ኤኮ የሚባለው ፒኑም 5 ቮልት ይመልሳል፤ ኮምፒውተሯ ግን ከ3.3 በላይ አትችልም። ከኤኮ ወደ ኮምፒውተሯ ፒን 1 ኪሎ ኦም፣ ከዚያው ፒን ወደ ግራውንድ 2 ኪሎ ኦም ያስገቡ። ማስጠንቀቂያው ንዝረት ይሁን እንጂ ጩኸት አይሁን፤ ዓይነ ስውር ሰው መንገዱን የሚያውቀው በጆሮው ነውና ጆሮውን አይያዙበት። ከአሮጌ ስልክ የወጣ ነዛሪ ሞተር ይሆናል። በቀጥታ ፒን ላይ ካሰሩት ፒኑ ይቃጠላል፤ በመካከል ሞተሩን የሚያበራና የሚያጠፋ 2ኤን2222 ትራንዚስተር፣ ቤዝ በሚባለው እግሩ ላይ 1 ኪሎ ኦም፣ ሞተሩ ላይ የተገለበጠ ዳዮድ ያስገቡ። ነገሩ ከ1 ሜትር ተኩል ሲቀርብ ቀስ እያለ፣ ከግማሽ ሜትር ሲቀርብ ሳያቋርጥ ይንዘር።

ለንባብ ካሜራ፣ ዜሮ 2 ደብልዩና ሁለት ነፃ ፕሮግራሞች ያስፈልጋሉ። ቴሰራክት የአማርኛ የታተመ ጽሑፍ ይለያል፣ ኢስፒክ ኤንጂ በአማርኛ ይናገራል። ድምፁ የሮቦት ነው፤ ሰው ይለምደዋል። የካሜራው ምርጫ ወሳኝ ነው፤ በ2023 የወጣው ካሜራ ሞጁል 3 ትኩረቱን ራሱ ያስተካክላል፣ የቀድሞው ሞጁል 2 ግን ለሩቅ የተስተካከለ ስለሆነ በእጅ የተያዘ መጽሐፍ ያደበዝዛል። የዜሮ የካሜራ መሰኪያ ጠባብ ስለሆነ ባለ 22 ወደ 15 ፒን መሸጋገሪያ ኬብል ይዘዙ። መሰኪያው ላይ ያለችው ቁልፍ እንደ ጥፍር ስስ ናት፤ በጥፍር ከሁለቱም ጎን እኩል ወደ ውጭ ይሳቧት፣ የኬብሉን ብረታም ፊት ወደ ሰሌዳው አድርገው ያስገቡ።

ፎቶው መጀመሪያ ወደ ጥቁርና ነጭ ይቀየር፣ ወርዱም ከ2,000 ነጥብ አይብለጥ፤ ያለው ሚሞሪ 512 ሜጋ ባይት ብቻ ነው፣ ከዚያ በላይ ሲሰጧት ትታነቃለች። ገጽ እስክታነብ መጠበቅ አለ። የእጅ ጽሑፍና ብራና አታነብም፤ ጋዜጣ፣ የመማሪያ መጽሐፍና የታይፕ ደብዳቤ ታነባለች። ዜሮ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ስለሌላት ድምፁ በብሉቱዝ ይውጣ፤ አንድ ጆሮ ላይ ብቻ።

ካሜራ ያለበት መነጽር ሲያደርግ አጠገቡ ላሉት ይንገራቸው። በተለይ በቤተ ክርስቲያንና በለቅሶ ቤት ሌንሱን መሸፈኛ ጨርቅ ያዘጋጁለት።

«ቤት ውስጥ ጥርት ብሎ ይነበባል። ደጅ ስወጣ ግን የለም፤ ስክሪኑ የጠፋ ነው የሚመስለው።»
ከቢቸና

አልጠፋም፤ ፀሐይ ውጣዋለች። ጥርት ያለ ፕላስቲክ በ45 ዲግሪ ሲጋደል ከሁለቱም ገጹ ተደምሮ የሚመልሰው ከብርሃኑ 10 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው። የተረፈው ዘጠኝ እጅ በፕላስቲኩ አልፎ ይሄዳል። የቢቸና የቀትር ሰማይ ደግሞ ከዚያች አንድ ዐሥረኛ ጋር አይወዳደርም።

በመጀመሪያ በፕሮግራሙ የስክሪኑን ኮንትራስት ወደ 255 ከፍ ያድርጉ፤ ብዙውን ጊዜ ግማሽ ላይ ነው የሚቆመው። የሚጨምረው ግን ጥቂት ነው። ቀጥሎ ከፕላስቲኩ ፊት፣ በውጭው በኩል፣ የመኪና መስታወት ማጥቆሪያ የተለጠፈበት ሁለተኛ ፕላስቲክ ያቁሙ። ማጥቆሪያውን በዋናው ፕላስቲክ ላይ አይለጥፉት፤ አረፋ ይይዝና ፊደሉን ያዥጎረጉረዋል። ይህ ለጥላና ለደመናማ ቀን ይበቃል፤ በክረምት ምንም አያስቸግርዎትም።

ለበጋ ቀትር ግን ፕላስቲኩን ያውጡና በቦታው ቁራጭ መስተዋት ያስገቡ፤ ወርዱ 14፣ ቁመቱ 8 ሚሊ ሜትር። ከዓይን 3 ሳንቲ ሜትር ላይ ሲሆን ሙሉውን ስክሪን ለማሳየት ይህ መጠን ይበቃል፣ የሚመልሰውም ብርሃን የፕላስቲኩን ስምንት ዘጠኝ እጥፍ ነው። ትንሽ ቦታ ይጋርዳል፤ ስለዚህ መሐል ላይ ሳይሆን ከዓይን መስመር ዝቅ አድርገው ይስቀሉት፣ ሌንሱንና የማጠፊያውን መስተዋትም በዚያው ልክ ዝቅ ያድርጓቸው። ጠርዙን በድንጋይ ሞርደው ጥቁር ይቀቡት፤ የተሰበረ መስተዋት ዓይን አጠገብ እንደሚሰቅሉ አይርሱ።